ጀግናውን ማን አሳደገው?

(በተማሪዎች ማኅበር የፊልም ክበብ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ይህን ንግግር ያሰናዳነው አራት ተማሪዎች ነን። በአራት አፍ ባንድ ጊዜ መናገር ስለማይቻል አንዳችን ቆሞ ያነብባል፤ ሦስታችን ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠን እንሳቀቃለን። ስሕተት ቢገኝበት የአራታችን ነው፤ ደግ ነገር ቢገኝበትም እንዲሁ።

የተሰጠን ርእስ በፊልም ስለምናያቸው ኃያላን ጀግኖችና ስለ ቤተሰቦቻቸው እንድንናገር ነው። ማስታወቂያው በሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ማግስት አንድ የምናከብራቸው መምህር በመተላለፊያው አግኝተውን፤ «እናንተ ልጆች፤ በሰማይ ስለሚበር ሰውዬ ለማውራት ነው አዳራሽ የምታስከፍቱት?» አሉን። ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። ጥያቄው ግን አልለቀቀንም። መልሳችን ይህ ነው። በየመኝታ ቤቱ በፍላሽ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚዘዋወረው፣ ፈተና ባለቀ ማታ ስምንት ሆነን በአንድ ላፕቶፕ ላይ ተደፍተን የምናየው ይኸው ሰማይ በራሪ ነው። ሰው በየሳምንቱ የሚያየውን ነገር አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ቢመረምረው ነውር ያለበት አይመስለንም። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እንናገራለን።)

ሌላም ምክንያት አለን። ባለፈው ዓመት ከመኝታ ቤታችን አንዱ ጓደኛችን አባቱ ዐረፉበት። መርዶው እንደ ወጉ ገና ሳይነጋ ነው የተነገረው፤ አጎቱና የአገሩ ልጆች መጥተው በር አንኳኩ። ሄደ፤ ቀበረ፤ ሠልስቱን ተቀመጠ። ፈተና ስለ ደረሰ ግን አርባው ሳይወጣ ተመለሰ። እኛም እናጽናናው ብለን በተመለሰ በሦስተኛው ማታ ፊልም ከፈትን። ምን እንደከፈትን ስናስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረናል፤ በ2005 የወጣውን ባትማን ነበር። ባልና ሚስት ከኦፔራ ቤት ወጥተው በጠባብ መንገድ ሲሄዱ በሽጉጥ ተገደሉ፤ ትንሹ ልጃቸው በሬሳቸው መካከል ተንበረከከ፤ ቀብሩ ለዐይን ጥቅሻ ያህል ታየ፤ ከዚያ ልጁ አድጎ፣ ጡንቻ አውጥቶ፣ ወደ በቀሉ ገባ። ጓደኛችን ተነሥቶ ወጣ። ተከትለን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘነውና ምን እንደሆነ ስንጠይቀው፤ «ለቅሶው የት ሄደ?» አለን። ሌላ ቃል አልጨመረም።

እንግዲህ ይህ ንግግር የተጀመረው በዚያች ደረጃ ላይ ነው። ከዚያ ማታ ጀምሮ ፊልሞቹን እንደገና ስናያቸው አውሮፕላኑንና ፍንዳታውን ትተን አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ ጀመርን፤ ይህን ሰው ማን ወለደው? ማን አሳደገው? ያሳደጉትስ ምን ደረሰባቸው?

መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሞተዋል። ሱፐርማን በ1938 ለመጀመሪያ ጊዜ በሥዕል መጽሔት ላይ ሲወጣ አባትና እናቱ ከነዓለማቸው ጠፍተዋል። ባትማን በ1939 ሲከተለው ወላጆቹ በመንገድ ተገደሉ። ስፓይደርማን በ1962 ሲመጣ አስቀድሞም የሙት ልጅ ነበረ፤ ያሳደገውን አጎቱን ደግሞ ሌባ ገደለበት። ሉክ ስካይዎከር በ1977 ፊልም አጎቱና አክስቱ ተቃጥለው አገኛቸው። ሃሪ ፖተር ገና በእቅፍ ሳለ ሁለቱንም አጣ። በ2013 የወጣው የበረዶዋ ንግሥት ካርቱን እንኳ፣ ለሕፃናት የተሠራው፣ ንጉሡንና ንግሥቲቱን በባሕር ማዕበል አስጥሞ ነው ነገሩን የሚጀምረው። ከመካከላችን አንዱ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነውና «የእነዚህ አገሮች የወላጅ ሞት ቁጥር ቢሰላ ከወረርሽኝ ዘመን ይበልጣል» ብሎ ቀልዷል።

ለምን ይገደላሉ? አንደኛው ምክንያት የተረት አሠራር ነው። እናት ያለችው ልጅ በሌሊት በመስኮት ሊወጣ ሲል «ወዴት ነህ? ነጠላ ደርብ እንጂ!» የምትለው አለች። አባት ያለው ልጅ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ደራሲው ጀግናውን ከቤት ለማስወጣት ሲቸገር ቤቱን ያፈርስለታል፤ በቀልንም በዚያው ያስታጥቀዋል። ይህ አዲስ አይደለም፤ ሕፃኑን ሙሴን በቅርጫት ውኃ ላይ ካስቀመጠችው እናት ጀምሮ በታሪክም በተረትም የምናውቀው ነው። የሱፐርማንን ታሪክ ከሙሴ ጋር ያስተያዩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የጻፈውም የሣለውም፣ ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር፣ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ነበሩ።

ሁለተኛው ምክንያት ግን የሰው ሕይወት ነው፤ እሱን ስናነብ ዝም ብለን ቀረን። የጄሪ ሲግል አባት በክሊቭላንድ ከተማ ልብስ ሻጭ ነበሩ። በ1932 ሱቃቸው ሲዘረፍ እዚያው ሳሉ ሞቱ። ልጁ ገና 17 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው ጥይት የማይበሳውን ሰው ከጓደኛው ጋር የፈጠረው። ይህ ከዚያ መጣ ብለን አንፈርድም፤ የደራሲን ልብ ከውጭ ሆኖ ማንበብ ከባድ ነው። ነገር ግን ለእኛ አንድ ነገር ገባን። ይህ ሁሉ ጭፈራና መጋረጃ የመሰለው ነገር በሥሩ አባቱን ማዳን ያልቻለ ልጅ ምኞት ሊሆን ይችላል።

ይህን ካወቅን በኋላ በ1978 የወጣውን የሱፐርማን ፊልም ስናየው ከበረራው ይልቅ የያዘን አንድ አጭር ክፍል ነው። ልጁን ከሜዳ ላይ አንሥተው ያሳደጉት ገበሬ በግቢያቸው ሲሄዱ ክንዳቸውን ይይዙና በልብ ድካም ይወድቃሉ። ልጁ ባቡር የሚቀድም ነው፤ ብረት የሚያጥፍ ነው። በመቃብሩ አጠገብ ቆሞ የሚናገረው ነገር ያ ሁሉ ኃይል እያለው አባቱን ሊያድን አለመቻሉን ነው። ፊልሙ እዚያ ላይ ጥቂት ቢቆይ ምን ነበረበት! አልቆየም። በ2013 የተሠራው ደግሞ ነገሩን አበላሸው ብለን እናምናለን፤ አባትየው አውሎ ነፋስ ሊወስዳቸው ሲል ልጁ እንዳያድናቸው እጃቸውን አንሥተው ይከለክሉታል፤ ምሥጢሩ እንዳይገለጥ። ሦስት ጊዜ አየነው፤ ሦስት ጊዜም ተናደድን። የልብ ድካም ማንም የማይከለክለው ነገር ነው፤ ስለዚህ ያማል። ያኛው ግን ለታሪኩ ሲባል የታዘዘ ሞት ነው፤ የደራሲው እጅ ከአውሎ ነፋሱ ውስጥ ይታያል።

ስለ ባትማንም ጥቂት እንበል። የወላጆቹ ሞት በፊልም በተደጋገመ ቁጥር፣ በ1989፣ በ2005፣ በ2016፣ ሽጉጡ ይጮኻል፤ እናቲቱ ትወድቃለች፤ እንደ ቅዳሴ ዜማ ሁላችንም ቀድመን እናውቀዋለን። ሐዘኑ ግን የአንድ ባለጸጋ ልጅ የብቻ ሐዘን ነው። ቤቱ ትልቅ ነው፤ ለቀስተኛ ግን የለም፤ አንድ አልፍሬድ የሚባል የቤት አሽከር ብቻ ምግብ በሰሐን ይዞ በር ላይ ይቆማል። ጎተም በሚሉት ከተማ ዕድር የለም። ሠልስት የሚያስቀምጥ፣ ድንኳን የሚተክል፣ ቡና የሚያፈላ ጎረቤት የለም። ልጁ እብድ ቢሆን ምን ይገርማል? ለእኛ ለአራታችን የባትማን በሽታ በሙሉ ለቅሶ ያልተቀመጠለት ልጅ በሽታ ሆኖ ነው የሚታየን። በ2022 የወጣው ግን አንድ የሚያስመሰግን ነገር አድርጓል፤ ያንን የጠባብ መንገድ ግድያ አላሳየም። በፈንታው የከተማው ከንቲባ ተገድለው ትንሽ ልጃቸው ሲያይ፣ ባትማን ልጁን ይመለከተዋል፤ ዝም ብሎ ብቻ። ከሦስቱ የሽጉጥ ድምፅ ይህ ዝምታ ይበልጥብናል።

ለቅሶ ማን እንደሚፈቀድለትም ልብ ማለት ይገባል። በ1977ቱ ፊልም ልዕልት ሌያ አገሯ፣ ከተማ ሳይሆን ሙሉ ዓለሟ፣ ከአሳደጓት ወላጆቿና ከሕዝቧ ጋር በፊቷ ሲጠፋ ታያለች። ጥቂት ቆይቶ ሉክ አዛውንቱ መምህሩ ተገድለውበት ሲያዝን ብርድ ልብስ የምታለብሰው እሷው ናት። እሷን ማን አለበሳት? ማንም። ይህን ያስተዋለችው ከአራታችን አንዷ ናት፤ ሦስታችን ወንዶች ፊልሙን ስንት ጊዜ አይተነው አላየነውም። እሷም በዚህ አላበቃችም። በሥዕል መጽሔቶቹ ውስጥ የጀግናው እናት፣ እጮኛ፣ ሚስት የምትገደለው እሱ እንዲቆጣ ብቻ መሆኑን አሳየችን። በ1994 በአንድ መጽሔት የጀግናው ፍቅረኛ ተገድላ በማቀዝቀዣ ውስጥ ተከትታ ተገኘች። ጌል ሲሞን የምትባል አንባቢ፣ በኋላ ራሷ የእነዚህ መጽሔቶች ደራሲ የሆነች፣ በ1999 እንዲህ የተገደሉትንና የተጎዱትን ሴቶች ስም ሰብስባ አወጣች፤ ዝርዝሩንም በዚያች ማቀዝቀዣ ሰየመችው። ዝርዝሩ ረጅም ነበር።

ሞት ካልሆነ ደግሞ መርሳት አለ። እነዚህ ታሪኮች በየወሩ እየተጻፉ ማለቅ የለባቸውም፤ ንግድ ናቸውና። ጀግናው ሚስት ካገባ ያረጃል፤ ልጅ ከወለደ ይበልጥ ያረጃል። ስለዚህ ምን አደረጉ? በ2007 የስፓይደርማን አሳዳሪዎች አክስቱ ሜይ በጥይት ተመትታ ስትሞት፣ እሷን ለማዳን ጋብቻውን ለዲያብሎስ አምሳያ እንዲሸጥ አደረጉት፤ ትዳሩ እንዳልነበረ ሆነ። ሱፐርማንም በ1996 በመጽሔቱ አግብቶ ሳለ በ2011 ታሪኩ ሁሉ እንደ አዲስ ሲጀመር ትዳሩ ተሰረዘ። በእኛ አገር ጋብቻ ለማፍረስ ስንት ሽማግሌ ይቀመጣል! እዚያ አንድ የአርታኢ ስብሰባ ይበቃል።

እስካሁን ስንወቅስ ቆየን። አሁን ወደምንወደው እንምጣ፤ እውነቱን ለመናገር ለዚህ ነው የመጣነው።

በ2004 የወጣውን ሁለተኛውን ስፓይደርማን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ፒተር ፓርከር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የቤት ኪራይ አልከፈለም፤ ክፍል ዘግይቶ ይገባል፤ ፒዛ በማድረስ ይሠራ ነበር፤ ከዚያም ተባረረ። (እዚህ ላይ በመኝታ ቤታችን ከፍተኛ ጭብጨባ ተሰምቷል።) አክስቱ ባልዋ ከሞተ በኋላ ባንክ ቤቷን ሊወስድባት ነው፤ ብድር ጠይቃ ተከልክላለች። እንዲህም ሆና ለልደቱ 20 ዶላር ትሰጠዋለች፤ አልቀበልም ሲል ትቆጣዋለች። እናቱ ከመቀነቷ ፈትታ ብር ሰጥታው፣ ያቺ ብር ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ተማሪ በዚህ አዳራሽ ስንት ነው? ያንን ክፍል ስናይ ማንም ማንንም አላየም፤ ሁሉም ማያውን ብቻ ያይ ነበር።

ከዚያ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ይመጣል። አጎቱን የገደለውን ሌባ አስቀድሞ ሊይዘው ይችል ነበር፤ በቂም ብዛት ዝም ብሎ አሳልፎታል። ይህን ሁለት ዓመት በሆዱ ይዞት ኖሯል። በመጨረሻ ከአክስቱ ፊት ተቀምጦ ይናገራል። እጁን ይዛው ነበር። ሲጨርስ እጇን ቀስ ብላ ታነሣለች፤ ትነሣለች፤ አንድ ቃል ሳትናገር ደረጃውን ትወጣለች። እሱ ብቻውን ይቀራል። ያ ነው። ፍንዳታ የለም፤ ሙዚቃ እንኳ የለም ማለት ይቻላል። በኋላ ይቅር ትለዋለች፤ ግን ይቅርታው ወዲያው አልመጣም። ይህን ያየን ዕለት ከመካከላችን አንዱ፣ ስሙን አንጠራም፣ በማግስቱ ወደ ቤቱ ስልክ ደውሎ ስለ አንድ የትምህርት ውጤት እውነቱን ተናግሯል። እጁን የያዘው ሰው አልነበረም፤ በስልክ ነውና። በወዲያኛው ጫፍ ግን ረጅም ዝምታ ነበረ ብሎናል።

ከዚህ ቀጥሎ የምናነሣው በ2018 የወጣው ብላክ ፓንተር ነው። ቅኝ ያልተገዛች አፍሪቃዊት አገር በማያው ላይ ስትታይ መኝታ ቤቱ ሁሉ እንዴት ደረቱን እንደነፋ አንረሳውም፤ ምክንያቱንም መናገር አያስፈልግም። ነገር ግን በኩራት ብዛት አንድ ነገር አምልጦን ነበር። የፊልሙ ታሪክ በሙሉ የሚነሣው ከቤተሰብ በደል ነው። ንጉሥ ትቻካ በ1992 በአሜሪካ ኦክላንድ ከተማ ወንድሙን በገዛ እጁ ይገድላል፤ የወንድሙን ትንሽ ልጅ ደግሞ የአባቱን ሬሳ እንዲያገኝ እዚያው ትቶት ይሄዳል። አገሪቱ ምሥጢሯን ጠበቀች፤ ልጁን ጣለች። ያ ልጅ ነው አድጎ ዙፋኑን ሊነጥቅ የሚመጣው።

ወራሹ ቻላ እውነቱን ባወቀ ጊዜ ወደ ሙታን አባቶቹ ዓለም ወርዶ አባቱንና የቀደሙትን ነገሥታት ሁሉ ፊት ለፊት ይወቅሳቸዋል። እኛ የአባት ስም በክፉ ሳይነሣ በምናድግበት ባህል ውስጥ ስላደግን ይህ ክፍል አከራክሮናል። ሁለታችን «አባቱን፣ ያውም የሞተ አባቱን፣ እንዲህ ሊናገር አይገባም» አልን። ሁለታችን ደግሞ «ወቀሳው ራሱ ክብር ነው፤ የማያከብረውን ማን ይወቅሳል?» አልን። እስካሁን አልተስማማንም፤ ለዛሬው ውይይት ለእናንተ እንተወዋለን። የሌላኛውንም ልጅ አትርሱ፤ እሱም አባቱን በራእይ ያገኘዋል፤ ግን ሰፊ ሜዳና የአባቶች ጉባኤ አይደለም፤ ያቺው ጠባብ ኪራይ ቤት ናት። አባቱ ለምን እንደማያለቅስለት ሲጠይቀው፣ ልጁ ሰው ሁሉ ይሞታል የሚል ትርጉም ያለው መልስ ይሰጠዋል። ለቅሶው የት ሄደ? የደረጃው ላይ ጥያቄ እንደገና መጣብን።

ለጥያቄው ከሁሉ የተሻለ መልስ ያገኘነው በ2022 በወጣው በተከታዩ ፊልም ነው። ዋናው ተዋናይ ቻድዊክ ቦስማን በ2020 በካንሰር ዐርፎ ነበር። አዘጋጆቹ ሌላ ሰው ተክተው፣ ታሪኩን እንዳልሆነ አድርገው መቀጠል ይችሉ ነበር። አላደረጉም። ፊልሙ የሚጀምረው እኅቱ ሹሪ በቤተ ሙከራዋ መድኃኒት ስትፈልግ፣ እሱ ሲሞት ነው። ከዚያ ቀብሩ፤ ሕዝቡ ሁሉ ነጭ ለብሶ በመንገድ ላይ። ከአንድ ዓመት በኋላ እናቲቱ ንግሥት ራሞንዳ ልጅዋን ወደ ውኃ ዳር ትወስዳትና የሐዘን ልብሳቸውን አቃጥለው ሐዘኑን እንዲያወጡ ትጠይቃታለች። ሙት ዓመት ማለት ነው፤ ከል ማውለቅ ማለት ነው! ሹሪ እምቢ ትላለች። ስለ ወንድሟ ቁጭ ብላ ብታስብ ልብሱን ሳይሆን ዓለሙን ከነሰዉ ማቃጠል እንደሚያምራት ትናገራለች። ሳይንስ ተማሪ ናት፤ ሥርዓቱ ምንም አይረዳም ብላ ታምናለች። ከዚያ በኋላ እናቷም ሌላ ልጅ ስታድን ውኃ ውስጥ ትሞታለች። የጦርነቱ ነገር ብዙ ነው፤ እሱን እንለፈው፤ ረጅምም ነው፤ መኻል ላይ አንዳችን አንቀላፍቷል። ዋናው መጨረሻው ነው፤ ሹሪ በሄይቲ ባሕር ዳር ብቻዋን ተቀምጣ ያንን ልብስ ታቃጥላለች፤ ወንድሟንም ታስበዋለች፤ ታለቅሳለች። በሁለት ሰዓት ከግማሽ በላይ በሚሄድ ፊልም የመጨረሻው ድል ለቅሶ መቀመጥ ሆነ። እናቲቱን ሆና የተጫወተችው አንጄላ ባሴትም በዚህ ሥራዋ ለኦስካር ታጭታለች።

ከደም ውጭ ስላለው ዝምድና ሳንናገር ብንቀር ንግግሩ ጎደሎ ይሆናል። በ2019 የወጣ ሻዛም የሚባል ፊልም አለ፤ አብዛኞቻችሁ የቀልድ ነው ብላችሁ አልፋችሁታል። ቢሊ የተባለ ልጅ በሕፃንነቱ በመዝናኛ ስፍራ ከእናቱ ጠፍቷል። ከማሳደጊያ ቤት ወደ ማሳደጊያ ቤት እየሸሸ ዓመታት ሲፈልጋት ኖሮ በመጨረሻ ያገኛታል። እናቱ ግን ያን ዕለት ከፖሊስ ጋር ቆሞ አይታው ነበር፤ ወጣት ነበረች፣ ብቻዋን ነበረች፣ ሌላ ሰው ቢያሳድገው ይሻለዋል ብላ ዞራ ሄዳለች። አሁንም በሩን ከፍታ አላስገባችውም። ክፉ ሰው አድርገው አላሳዩዋትም፤ ለዚህ ነው የሚያመው። ልጁ ተመልሶ የሚሄደው በፊላደልፊያ ወደሚገኘው ስድስት ልጆች ወደሚያድጉበት ቤት ነው፤ የቤቱ ባለቤቶች ባልና ሚስትም ራሳቸው እንዲሁ በሰው ቤት ያደጉ ናቸው። ኃይሉንም ብቻውን አይዘውም፤ ለአምስቱ ያካፍላቸዋል።

ይህ በኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከኦሮምኛ ወደ ሁላችንም አፍ የገባው ነገሩ ከሕይወታችን ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ነው፤ የጡት ልጅ የሚባለውንም ከአያቶቻችን ሰምተናል። ደግሞም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2018 መጀመሪያ የውጭ አገር ማደጎን እስኪከለክል ድረስ በሺህ የሚቆጠሩ የአገራችን ሕፃናት ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ቤተሰቦች ሄደዋል። ዛሬ የእኛ እኩያ ሆነው በየዩኒቨርሲቲው ያሉ አሉ። ከሩቅ መጥቶ በገበሬ ቤት ያደገውን ሱፐርማን እነሱ ሲያዩት ምን ያዩ ይሆን እያልን ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። በ2025 የወጣው የሱፐርማን ፊልም ይህንኑ ነክቶታል። የወለዱት ወላጆቹ የላኩለትን መልእክት ግማሽ ብቻ እየሰማ ሲጽናናበት ኖሯል፤ የቀረው ግማሽ ሲገለጥ ግን ምድርን እንዲገዛ የሚያዝዝ ሆኖ ተገኘ። በዚህኛው ፊልም አሳዳጊዎቹ ገበሬዎች ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ ያልተማሩ፣ በስልክ ሲያወሩ የሚጯጯኹ ሰዎች ናቸው። በመጨረሻ ሲታመም የሚያጽናናው ምስል የነዚያ የከዋክብት መሳፍንት መሆኑ ቀርቶ ገበሬዎቹ ከልጅነቱ ጀምሮ የቀረጹት የቤት ቪዲዮ ነው።

ሙሉ ቤተሰብ በሕይወት አቆይቶ ጀግንነትን ማሳየት አይቻልም የሚል ካለ በ2004 የወጣውን ኢንክሬዲብልስ የተባለውን ካርቱን ይመልከት። አባት ጉልበተኛ ነው፤ በኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ይሰለቻል። እናት እንደ ላስቲክ ትሳባለች፤ እራት ላይ ሁለት ልጆች ሲደባደቡ አንዱን በግራ ሌላውን በቀኝ እጇ ይዛ ለመለየት። እናቶቻችንን ያየ ሰው ይህ ቅዠት ነው አይልም።

በቡድናችን አንዱ ጓደኛችን ግን እስከ መጨረሻው ተቃውሞናል፤ ተቃውሞውንም ሳንናገር ብንቀር አንታመንም። እሱ የሚለው ይህ ነው፤ «እናንተ ቤታችሁ ደኅና ስለ ሆነ ቤተሰብ፣ ቤተሰብ ትላላችሁ። ቤቱ ጠባብ የሆነበት፣ አባቱ ያስፈራው ልጅም አለ። እሱ የሙት ልጅ ጀግና ሲያይ ይተነፍሳል። ሃሪ ፖተር ከደረጃ ሥር ካለው ቁም ሣጥን ሲወጣ እኔ አብሬው ወጥቻለሁ።» መልስ አልነበረንም፤ አሁንም የለንም። አንድ ነገር ብቻ አስታወስነው፤ ያው ሃሪ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የልብን ምኞት የሚያሳይ መስታወት ሲያገኝ ያየው ወርቅና ክብር አልነበረም፤ አባትና እናቱን ነው። ሌሊት ሌሊት እየተነሣ ከመስታወቱ ፊት ይቀመጥ ነበር። ጓደኛችን ጥቂት ዝም ብሎ፤ «እሱም እውነት ነው» አለ፤ ግን ሐሳቡን አልለወጠም።

አባቱ የሞተበት ጓደኛችን ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው። ስለ እሱ እንድንናገር ፈቅዶልናል፤ ስሙን ብቻ እንዳንጠራ። ከሙት ዓመቱ ሲመለስ ከእናቱ የተላከ ዳቦ ቆሎና በርበሬ ይዞ መጣ፤ ዳቦ ቆሎው በሁለት ቀን አለቀ፤ በርበሬው አሁንም አለ። የዋካንዳውን ሁለተኛ ፊልም ከኛ ጋር የተመለከተው በዚያው ሳምንት ነው። እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። የፊታችን ቅዳሜ ማታ በዚህ አዳራሽ ይኸው ፊልም ይታያል፤ የመረጠውም እሱ ነው። ወንበር ስለማይበቃ ከየክፍላችሁ ይዛችሁ እንድትመጡ ክበቡ ያሳስባል።